የአባይነሽ ሟርት

አባይነሽ አንድ ልጇን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስታማው ኖረች። ሐሜቷ ደግሞ በጓሮ የሚንሾካሾክ አልነበረም፤ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው። «ልጅሽ እንዴት ነው?» ካሏት መልሱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ኧረ እሱን ደግሞ ልጅ ብላችሁ! እግሩ አይረባ፣ ጉልበት የለው፣ አንካሳ ነገር ነው።»

ጠያቂዋ ከንፈሯን መጥጣ ትሄዳለች። ማንም አያምናትም፤ ማንም ግን ውሸታም አይላትም። በዚያን ዘመን በአሰላ ልጅ የሞተባት እናት የተረፈውን የምትጠብቀው በዚህ ነበር። የሰው ዓይን የሚበላው ያማረውን ነው፤ የማይረባውን አልፎት ይሄዳል።

አባይነሽ ከዚህ ልጅ በፊት ሦስት ቀብራለች። አንዷን በአርባ ቀኗ፣ አንዱን ጥርስ ሲያወጣ፣ አንዱን ድክ ድክ ሲል። ሦስቱም ያማሩ ነበሩ፤ ሦስቱንም ሰው አይቶ «ምን የመሰለ ልጅ!» ብሏል። አራተኛው ሲወለድ የሰፈሩ አሮጊቶች ተሰብስበው ፈረዱ። ለሰው አይታይ። ፀሐይ አይንካው፣ ምች ይመታዋልና። ስሙም የሚያስመኝ አይሁን። በክርስትና ወልደአማኑኤል የተባለው ልጅ ለሰፈሩ ሰው ጣለው ተባለ። የተጣለን ነገር ማን ይመኛል? የክርስትና ስሙን ቄሱና ወላጆቹ በሆዳቸው ይዘውት ቀሩ።

ጣለው መስኮት በሌለው ጓዳ አደገ። ቆሞ የሄደው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ሌላ እናት ብትሆን ትጨነቅ ነበር፤ አባይነሽ ግን ደስ አላት፤ ዘግይቶ በሚሄድ ልጅ ላይ ማን ዓይኑን ይጥላል? ባሏ ገብረ ማርያም ሲሞት በሬዎቹን ሸጣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ገዛችና እዚያው ጓዳ ውስጥ አቆመችው። ከዚያ ወዲህ ጣለው የአሰላን ሱሪና እጀ ጠባብ በፋኖስ ሲሰፋ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም ጎህ ሲቀድ፣ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነው። እንዲያም ሆኖ ቁመናው አማረ። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ ወጣው፤ ፊቱ ብቻ ጓዳ ውስጥ የበቀለ ሽንኩርት ይመስል ገርጥቷል።

ይህን ልማድ ሲቃወም የኖረ አንድ ሰው ነበር፤ የከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ፍሰሐ። ሰው ሐኪም ይለዋል እንጂ ሥራው ቁስል መጠቅለልና መርፌ መውጋት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ሲማር አንድ ፈረንጅ ዶክተር ያስተማረውን በልቡ ይዞ መጥቷል። በየቅዳሜው ገበያ እናቶችን ይሰበስብና፣ «ሕፃናቱን ለፀሐይ አውጧቸው። ፀሐይ ገላቸው ላይ ስታርፍ ሰውነታቸው ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር ይሠራል፤ ያለዚያ አጥንት አይጠነክርም» ይላል። ሴቶቹ ይስቁበታል። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው አባይነሽ ነበረች።

«ገና ወልደው ሳይስሙ!» አለችው አንድ ቀን በሰው ፊት። «ሦስቱን የቀበርኳቸው እኮ አጥንታቸው ላልቶ አይደለም።»

ፍሰሐ ቤቷ ድረስም ሁለት ጊዜ መጥቶባታል። ለፈንጣጣ ክትባት ሲመጣ፣ እንግዳ ሰው ልጇን እንዳያይባት «የሚጥል በሽታ አለበት» ብላ መለሰችው። በዓመቱ ሲመጣ ደግሞ «ሳምባውን ታሟል» አለችው። በዚያን ቀን ፍሰሐ አልፏት ገብቶ ቢያይ፣ ሳምባውን የታመመው ልጅ እያፏጨ ኮት ይሰፋል። ፍሰሐ ምንም አልተናገረም፤ ግን አልረሳውም።

የ1950 ዓ.ም. ክረምት ከባድ ነበር። ጭላሎ ተራራ ሦስት ወር ሙሉ ከጉም አልወጣም። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠራ፤ በዚያው ሰሞን ለጦሩ ወጣት የሚመለምሉ ሰዎች በሁለት ካሚዮን አሰላ ገቡ። ወሬውን የሰሙ ጎረምሶች ወደ ከተማው ሜዳ ጎረፉ። የጎረቤቷ የፋጡ ልጅ ከዲሮ፣ ከበቆጂ ገብስ በጋሪ የሚያመላልሰው፣ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። አባይነሽ ይህን ስትሰማ ለፋጡ አዘነችላት። ሐዘኗ ግን ምሳ ሰዓት አልደረሰም።

ጣለው በጠራራ ፀሐይ፣ ራሱን ሳይከናነብ ወደ ቤት ገባ። ፊቱ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ተመዘገብኩ።»

«የት ነው የተመዘገብከው?»

«ወታደር ቤት።»

አባይነሽ የያዘችውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠች። «በማን ስም?»

«በስሜ ነዋ። ወልደአማኑኤል ገብረ ማርያም ብዬ።»

«ጮክ ብለው ጠሩት? ሜዳ ላይ?»

«ሦስት ጊዜ» አለ ጣለው። በዕድሜው እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። «እማዬ፣ እኔ እኮ ያወቅሁት ጣሪያ ነው። እስቲ ደግሞ ሰማይ ልይ።»

ለመነችው፣ አለቀሰች፣ በጡቴ ብላ ተማጸነችው። ጣለው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዕቅዱን ነገራት፤ ዐሥራ አምስት ቀን ሜዳው ላይ ልምምድ፣ ከዚያ ክሊኒኩ ውስጥ የጤና ምርመራ፣ በመጨረሻም አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተሸክሞ በጭላሎ ግርጌ እስካለው ወፍጮ ቤት ሽቅብ ሮጦ መመለስ። ያለፈ በካሚዮኑ ይሄዳል፤ የወደቀ ወደ ቤቱ።

መጀመሪያ የፈራችው ዓይን ነበር። መቶ ጎረምሳ፣ መቶ ጥንድ ዓይን፣ በዚያ ላይ የመንገደኛው። አንገቱ ላይ ክታብ ጨመረችለት፣ ጧት ጧት ጠበል ረጨችው። በሰባተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር አየች። ጣለው ከበርጩማ ሊነሳ ሲል ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስደገፈ፤ ከዚያም በገዛ ጭኑ ላይ እጁን ደረጃ በደረጃ እያወጣ፣ ራሱን እየገፋ ቀና አለ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አይነሳም። የቤቱንም ደፍ ሲሻገር ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጎኑን ሰጥቶ፣ መቃኑን ይዞ ነው።

ማታ እግሩን ልታጥበው ተቀመጠች። ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት በአውራ ጣቷ ነካ ብታደርገው እግሩን መንጭቆ ወሰደ፤ ውሃው ተደፋ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም። የሩጫ ድካም ነው።»

«ድካም ሥጋ ላይ ነው፤ እኔ የነካሁት አጥንትህን ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

 ጣለው የተደፋውን ውሃ እያየ፣ «ከክረምት ወዲህ» አለ። «ውስጥ ለውስጥ ይቆረጥመኛል። ሩጫው አባሰው። ግን ከዲሮም እኮ ያመዋል፤ ሁሉም ያመዋል።»

 በአንድ አፍታ ዐሥራ ስምንት ዓመት የተናገረችው ሁሉ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። እግሩ አይረባ። ጉልበት የለው። አንካሳ ነገር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ያ ሁሉ ቃል ወጥቶ ወጥቶ፣ የትም ሳይሄድ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ለሰው ዓይን የወረወረችው ሟርት ዞሮ ልጇን አገኘው።

«ይቅርብህ፣ ጣለው። በማርያም ይዤሃለሁ።»

ልጁ እርጥብ እግሩን በእጁ እየደባበሰ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ባሰባት።

«እማዬ፣ ዕድሜ ልኬን አንካሳ ስትዪኝ አንድ ቀን ተናግሬሽ አላውቅም። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን አንድ ሳምንት ብቻ ዝም በዪልኝ።»

ዝም ለማለት ሞከረች፤ ሦስት ቀንም ቻለች። በአራተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ለፋጡ ነገረቻት። ፋጡ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ሳቋ ከገበያው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ፣ አርባ ጊዜ ተጣልተው አርባ ጊዜ የታረቁ ወዳጇ።

«ያ ረቢ!» ብላ ሳቀች ፋጡ። «አባይነሽ፣ ለኔም ነው እንዴ ይኸ? እኔ ቡዳ ነኝ? ልጅሽን እንደሆነ ትናንት አየሁት፤ እንደ ፈረስ ይሮጣል ወላሂ።»

«ፋጡ ሙች፣ ይኸኛው እውነት ነው።»

«ያኛውስ?» አለች ፋጡ።



የምርመራው ዋዜማ ዕለት አንድ ቅል የተነጠረ ቅቤ ይዛ ክሊኒኩ ሄደች። ፍሰሐ በር ላይ ቆሞ እጁን ይታጠብ ነበር። ፊቱ ደክሟል፤ ቅሉን ሲያይ ደግሞ ጨለመ።

«ሐኪም፣ ስለ ልጄ ነው። እግሩ አይረባም። እባክዎን ነገ ይጣሉት።»

«ወይዘሮ አባይነሽ» አለ ፍሰሐ እጁን በፎጣ እያደረቀ፣ «ዛሬ ዘጠነኛዋ እናት እርስዎ ነዎት። አንዷ ልጄ ዕውር ነው ብላኛለች፤ እዚሁ በር ላይ ቆሞ እርግብ ሲቆጥር እያየሁት። የእርስዎ እንኳ ስንት በሽታ አለበት? የሚጥለው እሱ ነው፣ ሳምባው እሱ ነው፣ አሁን ደግሞ እግሩ?»

«ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ። አሁን ግን አልዋሸሁም። ከተቀመጠበት ሲነሳ በእጁ ጭኑን ተመርኩዞ ነው። አጥንቱን ሲነኩት ይጮኻል።»

አንድ አፍታ ፍሰሐ ዓይኑን አጠበበ፤ የሆነ ነገር ሊያስታውስ የፈለገ መሰለ። ቀጥሎ ግን ዓይኑ ተመልሶ ቅሉ ላይ ወደቀ፤ ቅሉም አስቆጣው።

«እውነት ከሆነ ቅቤው ለምን አስፈለገ? ይውሰዱት። ነገ በገዛ ዓይኔ አየዋለሁ።»

እውነት የያዘ ሰው መማለጃ አይዝም፤ ፍሰሐ የተማረው ይህን ነው። አባይነሽ ደግሞ ዳኛ ፊትም ሆነ ሐኪም ፊት ባዶ እጅ ይዞ መቆም ነውር እንደሆነ ነው የተማረችው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ቅቤው ግን ነገሩን አበላሸው። ቅሏን ይዛ ተመለሰች።

በማግስቱ ከፋጡ ጋር በክሊኒኩ አጥር ተጠግተው አዩ። ጎረምሶቹ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ተሰልፈዋል። ፍሰሐ ጥርስ ያያል፣ ደረት ያዳምጣል፣ ይመዝናል፣ ሂድና ተመለስ ይላል። ልጆቹን መሬት ላይ ቁጢጥ አድርጎ ሲያስነሳቸው የአባይነሽ ልብ ተሰቀለ። ጣለው ተቀመጠ። ሊነሳ ሲል አጠገቡ የነበረው ከዲሮ እንደ ቀልድ ክንዱን ይዞ መነጨቀው፤ ጎረምሶቹም ሳቁ። ፍሰሐ ይህን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ይጽፍ ነበር።

ቀና ሲል የጣለውን ቅልጥም ተመለከተ። ወደ ውጭ ትንሽ የጎበጠ ነው። ሰልፉን ወደ ኋላ ቢያይ ግማሹ ልጅ እግሩ እንዲሁ ነው፤ ሁሉም በየጓዳው ተጠቅልሎ ያደገ ነዋ። ሁሉ የያዘው ጉድለት ደግሞ ጉድለት አይመስልም። «አልፏል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሰውየው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን፣ ትናንት ያስቆጣው ነገር ሳይበርድለት ቀርቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀለደ።

«እናትህ አንካሳ ነው ብለውኝ ነበር። ቅቤም ይዘው መጥተው ነበር።»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። የመልማዮቹ አሥር አለቃ ግዛቸውም ሳቀ፤ ጺሙ የሸበተ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። «ማነው የእማዬ ልጅ? እሱን በጋሪ ጫኑልኛ!»

አባይነሽ አጥሩን ጨምድዳ ያዘች። ጣለው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ወደ አሥር አለቃው ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ለነገው ከባዱን ከረጢት ለእኔ ይስጡኝ።»

ያን ማታ ጣለው እናቱን አላናገራትም። እግሩንም እንድታጥበው አልሰጣትም። ጧት ስትነሳ ሄዷል።

የሩጫው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ገበያተኛው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጭላሎ ከእነ ጎድን አጥንቱ ይታያል። አባይነሽ ከፋጡ ጋር መንገዱ ወደ ከተማው ቁልቁል የሚታጠፍበት ላይ ቆመች። ቁርስ አልቀመሰችም። ከሩቅ ፊሽካ ተነፋ፤ ጎረምሶቹም ከረጢታቸውን በትከሻቸው አድርገው በፊታቸው ሽቅብ አለፉ። የጣለው ከረጢት ከሌሎቹ ትልቅ ነው። ሲያልፍ አላያትም፤ ወይም አይቶ ፊቱን አዞረ።

«አየሽ?» አለች ፋጡ። «አየሽ እንዴት እንደሚሄድ?»

አባይነሽ ያየችው ሌላ ነው። እንደ ዳክዬ ነበር የሚሄደው፤ ወገቡ ወዲያና ወዲህ ይወድቃል፤ ጥርሱን ነክሷል። ላቡ በገረጣ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ሯጮቹ ከዳገቱ በላይ ጠፉ።

መጠበቁ ረዘመ። ገበያተኛው ማውራት ጀመረ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከዳገቱ ጫፍ አልነቀለችም። ሳይደግስ አይጣላም እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ይመጣባታል። በመጨረሻ ከላይ አቧራ ተነሳ።

መጀመሪያ የመጣው ከዲሮ ነው። ሁለተኛው ጣለው ነበር።

ሕዝቡ ጮኸ። ሴቶች እልል አሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሰፈሩ ሰው በወሬ ብቻ የሚያውቀው ልጅ፣ ከሁሉ ከባዱን ሸክም ይዞ፣ ቁልቁል እየበረረ ይመጣል። «ምን ያለ ወንድ ነው!» አለ አንዱ። «የማነው? የገብረ ማርያም ልጅ ነው? እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ቁመና!» ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ተሻገረ፤ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። አባይነሽ የተቀበሩትን ሦስቱን አየች። ራሷን መግታት አልቻለችም። መንገዱ መሐል ገብታ እጇን ዘርግታ ጮኸች።

«አንካሳ ነው! አትዩት! አንካሳ ነው እኮ!»

ሰው ሳቀ። እናት ናት፣ ደንብ ነው። ጣለውም ሰማት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ድምፅዋን ለይቶ ሰማ፤ ቀና አለ፤ ርምጃውንም አፈጠነ።

እናቱ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ርምጃ ያህል ሲቀረው ተሰማ። ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር የሚሰጠው ድምፅ ነው። መውደቁ አልሰበረውም፤ እግሩ ቆሞ ሳለ ነው የተሰበረው፣ ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው። ይህንን የቆሙት ሁሉ አይተዋል። ከረጢቱ ፈነዳና አሸዋው ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ሳቁ ጠፋ። አባይነሽ ወድቃ እጁን ስትይዝ፣ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሸሸ። ማንም ሌላውን በዓይን አልጠረጠረም። ሁሉም የሚያየው እሷን ነበር፤ ትክ ብሎ አፏን።

«ኩን ማሊ?» አለች ፋጡ፣ ራሷን በእጇ ይዛ። «ይኼ ምንድን ነው፣ ያ ረቢ፣ ድንጋይ እንኳ አልመታው!»

ገብስ በሚያመላልስባት በከዲሮ ጋሪ ክሊኒክ አደረሱት። ፍሰሐ የተሰበረውን እግር አቃንቶ በሁለት ሳንቃ መካከል በፋሻ አሰረ። ጨርሶ ሊነሳ ሲል ግን ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ደኅናውን እግር በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣለው ጮኸ። ፍሰሐ የጎድን አጥንቱን ነካ፤ ያም አመመው። የእጁን አንጓ ያዘና እንደ ጉብታ ያበጠውን አጥንት በጣቱ ደባበሰው። ከዚያ ታካሚውን ትቶ አባይነሽን ጠየቃት።

«በስንት ዓመቱ ነው በእግሩ የሄደው?»

«በሦስት።»

«ፀሐይ የሚሞቀው መቼ ነው?»

«አይሞቅም» አለች አባይነሽ።

ፍሰሐ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐኪም መሬት ላይ ሲቀመጥ አይታ አታውቅም።

«ሪኬትስ ይባላል» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «በየገበያው ስለፈልፍ የኖርኩት ስለ ሕፃናት ብቻ ነው። ያደገ ሰው ላይ ይኖራል ብዬ አልፈለግሁትም። ጭድ በሌለው ጭቃ ግድግዳ ሲለስኑ አይተዋል? ያምራል፣ ይቆማል። ሸክም ሲያርፍበት ግን ይሰነጠቃል። የዚህ ልጅ አጥንት ያ ነው። ጭዱ ከፀሐይ ነበር የሚመጣው።»

 ቀድሞ ቢሆን አባይነሽ ትስቅበት ነበር። አሁን ግን ጓዳዋ ታያት፤ በሰሌን የደፈነችው ቀዳዳ፣ በነጠላ የሸፈነችው ፊት፣ ጎህ ሳይቀድ የቸኮለችባቸው መንገዶች ሁሉ። አንድ ነገር ግን አልለቅ አላት።

«ነግሬዎት ነበር» አለች።

«ነግረውኛል» አለ ፍሰሐ። 

ከመነሳቱ በፊት ሊደረግ የሚገባውን ነገራት። አንድ ጠርሙስ የዓሣ ጉበት ዘይት ሰጣት፤ በቀን አንድ ማንኪያ። ከዚያም ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ልጁ በየቀኑ ደጅ ይውጣ፣ ደረቱና ክንዱ፣ ያልታሰረውም እግሩ ተገልጦ ፀሐይ ይምታው። አጥንቱ ይገጥማል፣ አለ፤ ግን አጥሮ ነው የሚገጥመው። ወታደርነት ቀርቷል። ያነክሳል።

ሰኞ ካሚዮኖቹ ሄዱ። ከዲሮ ከላይ ቆሞ በአባይነሽ ደጃፍ ሲያልፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ጣለው ግን ጓዳ ስለነበረ አላየውም። በዚያችው ዕለት ፋጡ መጥታ የአልጋውን አንድ ጎን ያዘች፣ አባይነሽ ሌላውን፤ ልጁን ተሸክመው ወደ ደጅ አወጡት። አባይነሽ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ልጇን በቀን ብርሃን ይዛ ያልተሻገረችው ደፍ ነው። «ማሎ፣ እባክሽ አባይነሽ፣ እጄ ተቆረጠ» አለች ፋጡ፤ ያኔ ተራመደች። አልጋውን ከመንገዱ ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ብቻ ነው። ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጣል አደረገች። ጣለው በእጁ አንስቶ መለሰላት።

መንገደኛው ሁሉ ያያል። ያበጠውን እግር፣ የገረጣውን ደረት፣ ሁሉን ያያል። አባይነሽ እራስጌው ተቀምጣ በእያንዳንዱ ዓይን ትቆስላለች።

በሦስተኛው ቀን ፋናዬ ልትጠይቅ መጣች። በቅርቡ የወለደች የዚያው ሰበካ ልጅ ናት። ሁለት ወር ያልሞላውን ሕፃን በወፍራም ጋቢ ጠቅልላ፣ ላዩን ደግሞ በነጠላ ከድናዋለች። ወደ አልጋው አልቀረበችም፤ የቤቱ ክፈፍ ጥላ የጣለበት ላይ ቆመች።

«እግዜር ይማርልሽ፣ እማማ። እንዴት ነው ልጅሽ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት እዚያው የኖረ መልስ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኗል። አባይነሽ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ልጇን አየችው። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቷል፤ ግን እየሰማ እንደሆነ አወቀች።

«ወልደአማኑኤል ነው ስሙ» አለች፤ ድምፅዋ መንገድ ድረስ ተሰማ። «ከሁሉ ከባዱን ተሸክሞ ሁለተኛ ሆኖ ይመጣ የነበረው ልጄ ነው። ወንድ ነው። ቆንጆ ነው። እንደሱ ያለ አሰላ አላበቀለም።»

ፋናዬ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት! ሴትዮዋን ሐዘን አሳብዷታል ብላ አሰበች። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አጥብቃ ጋቢውን ሰበሰበችው።

«የአንቺን አሳዪኛ» አለች አባይነሽ። «ወደ ፀሐዩ ነይና አሳዪኝ።»

«ኧረ እሱ ምኑ ይታያል፣ እማማ» አለች ፋናዬ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ጉድፍ ነገር ነው። እግሩም እንኳ የሚረባ አይ...»

«አትበዪ!» ብላ ጮኸች አባይነሽ። ተነስታ ሮጠች፤ የልጅቱን አፍ በመዳፏ ከደነች። «አትበዪ፣ የኔ ልጅ። በእናትሽ አትበዪ።»

ፋናዬ እጇን ገፍታ አመለጠቻት። ሕፃኑን ከድና፣ የመንገዱን ዳር ጥላ ጥላ ይዛ ወደ ቤቷ ስትፈጥን አባይነሽ ከዓይኗ እስክትሰወር ድረስ አየቻት። ከዚያ ዞር ስትል የቤቱ ጥላ አልጋው እግር ላይ ደርሷል። ፋጡን በአጥሩ ጠራቻት፤ ሁለቱም አልጋውን ይዘው አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ገፉት።